ማዳንን የተማረ ሐኪም ማስተዳደርን ከማን ይማር?

ስለ ሐኪም ሲነሣ በያንዳንዳችን ሐሳብ የሚመጣው ነጭ ጋዋን የለበሰ፤ ማዳመጫውን ባንገቱ ያንጠለጠለ፤ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ ልብና ሳንባ የሚያዳምጥ ሰው ነው። በዚህ አሳሳል ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከዋናው ከተማ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል አንድ ቀን የዋለ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ይኸው ሐኪም ከበሽተኛው አልጋ ገና ሳይርቅ «ኦክሲጅኑ ሊያልቅ ነው» ይሉታል፤ «የጄኔሬተሩ ናፍጣ እስከ ማታ አያደርሰንም» ይሉታል። ልብስ ማጠቢያው ቆሟል፤ የተረኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዘግይቷል፤ ግዥ ክፍል ፊርማ ይጠብቃል። የዚህ ሁሉ መልስ የሚጠበቀው ከእርሱ ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት በቆየበት የሕክምና ትምህርት ቤት ግን ስለ ናፍጣና ስለ ልብስ ማጠቢያ የነገረው መምህር አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፤ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ ሆስፒታል ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አነሣሥቶናል። አንዲት ዘመዳችን ጧት ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ከማታ ጀምራ እህል ሳትቀምስ አድራ ትጠብቅ ነበር። ሐኪሙ መጥቷል፤ ማደንዘዣ ሰጪው መጥቷል፤ ነርሶቹም በየቦታቸው ቆመዋል። ያልነበረው ጓንት ነው። ወረቀት ተጻፈልንና ከተማውን ዞረን ከሦስተኛው መድኃኒት ቤት ገዝተን ስንመለስ ሰዓቱ አልፎ ስለ ነበር ቀዶ ጥገናው ለማግሥቱ ተላለፈ። በእግዚአብሔር ቸርነት ዘመዳችን ዳነች። ነገር ግን ኋላ እንደ ሰማነው፤ እኛ ጓንት ፍለጋ በምንዞርበት በዚያው ሰዓት፤ ሆስፒታሉ በዓመት ተጠቅሞ የማይጨርሰው የአንድ መድኃኒት ካርቶን በመጋዘኑ ውስጥ ተከምሮ፤ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍበት ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። የሆስፒታሉ ሜዲካል ዲሬክተር ትምህርቱን ከጨረሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሐኪም ነበር። ሆድ ከፍቶ መዝጋት እንጂ መጋዘን ከፍቶ መዝጋት ማንም እንዳላስተማረው ሲነግረን ፊቱ ላይ ሐዘን ይነበብ ነበር።

በዚያን ዕለት ሐኪም አልታጣም፤ ገንዘብም ፈጽሞ አልታጣም፤ ገንዘቡ በማይፈለግ መድኃኒት ላይ ወጥቶ ነበርና። የታጣው አያያዝ ነው። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ለሐኪሞች የሥራ አመራርንና የንግድ ሂሳብን ትምህርት ማስተማር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምረው አስበናል። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጋዘኑ ሂሳብ

አስተዳደር ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ትልቅ ጠረጴዛና ማኅተም ነው። ዋናው ነገር ግን አንድ ብልህ የቤት እመቤት በጓዳዋ ከምታደርገው እጅግ የራቀ አይደለም። የበርበሬዋን ልክ የምታውቅ ሴት በርበሬው ከእንስራው ግርጌ እስኪደርስ አትጠብቅም።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሆስፒታል በወር 60 ካርቶን ጓንት ይጨርሳል እንበል። ጥያቄው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ዕቃው መጋዘን እስኪገባ ሁለት ወር ይፈጃል እንበል። በነዚህ ሁለት ወራት 120 ካርቶን ያልቃል። መኪና ቢበላሽ፤ መንገድ ቢዘጋ፤ በሽተኛ ቢበዛ፤ ለመጠባበቂያ የሚሆን የአንድ ወር 60 ካርቶን ሲጨመርበት 180 ይሆናል። እንግዲያው መጋዘን ውስጥ 180 ካርቶን ሲቀር አዲስ ጥያቄ መጻፍ አለበት ማለት ነው። 30 ካርቶን ሲቀር «ጓንት ሊያልቅብን ነው» ብሎ የሚጽፍ ሆስፒታል ግን ያለው የ15 ቀን ጓንት ነው፤ አዲሱ የሚደርሰው በ60 ቀን ነው። ልዩነቱ 45 ቀን ነው። በነዚህ 45 ቀኖች ውስጥ ወላድ ትመጣለች፤ የተቆረጠ ይመጣል፤ አስታማሚም ወረቀት ይዞ ከተማ ይዞራል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ማለት ይኸ ነው።

ይህ ሂሳብ ከአራተኛ ክፍል ሂሳብ አይበልጥም። ነገር ግን ለመሥራት መረጃ ይጠይቃል። በሞዴል 19 የገባው፤ በሞዴል 22 የወጣው ዕቃ በየቀኑ በቢን ካርዱ ላይ ካልተመዘገበ፤ በወር ስንት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ወረቀቱን የሚጽፈው የመጋዘን ሠራተኛው ነው፤ ትርጕሙን አንብቦ መወሰን ያለበት ግን ኃላፊው ነው። ኃላፊው ሐኪም ከሆነ፤ የበሽተኛውን የትኩሳት መዝገብ እንደሚያነብ ሁሉ የመጋዘኑንም መዝገብ ማንበብ ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ የመድኃኒት አያያዝ ሊቃውንት መድኃኒቶችን በሦስት ረድፍ ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ከሌለ ሰው የሚሞትበት ነው፤ ሁለተኛው አስፈላጊ ነው፤ ሦስተኛው ቢቀርም ብዙ የማይጎዳ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው ከሦስተኛው ረድፍ መሆን ይገባዋል። የትኛው መድኃኒት በየትኛው ረድፍ እንደሚቆም ለመፍረድ ግን የሂሳብ ሠራተኛ ብቻውን አይችልም፤ ሐኪምና የመድኃኒት ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ከዚህ ሥራ ቢሸሽ ፍርዱ በማያውቀው ሰው እጅ ይወድቃል።

የአልጋው ሂሳብ

አሁን ደግሞ ከመጋዘን ወደ መኝታ ክፍል እንለፍ። 100 አልጋ ያለው አንድ ሆስፒታል በ30 ቀን ውስጥ 3,000 የአልጋ ቀን አለው። እያንዳንዱ በሽተኛ በአማካይ 10 ቀን የሚተኛ ከሆነ በወር የሚታከሙት 300 ሰዎች ናቸው። የመኝታው ጊዜ ወደ 6 ቀን ቢወርድ ግን በነዚሁ አልጋዎች 500 ሰው ይታከማል። አንድ አልጋ ሳይገዛ፤ አንድ ክፍል ሳይሠራ፤ 200 ሰው ይጨመራል ማለት ነው።

«ታዲያ በሽተኛውን ሳይድን ሊያስወጡት ነው ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። በሽተኛው ከሚተኛባቸው ቀኖች ውስጥ ስንቱ ሕክምና እንደሆነ፤ ስንቱ ደግሞ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ መቁጠር ነው። ደሙ ተቀድቶ ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ራጅ አንሺው ቅዳሜና እሑድ የለም። ካርዱ ከካርድ ክፍል ጠፍቶ ቀዶ ጥገናው ያድራል። የዳነው ሰው የመውጫ ወረቀቱን የሚፈርምለት ሐኪም እስኪገኝ ተኝቶ ይውላል። እነዚህን የባከኑ ቀኖች አንድ በአንድ መዝግቦ የሚቀንስ ሰው፤ ቢላዋ ሳያነሣ ብዙ ሰው አዳነ ማለት ነው። በኮሪደር ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚጠብቀው በሽተኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

የበጀቱም ነገር እንዲሁ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ለጥገና የተፈቀደው ገንዘብ ሳይነካ መቀመጡን ሐኪሙ በሰኔ ወር ቢሰማ፤ ግዥው ሳይፈጸም ዓመቱ ያልፋል፤ ገንዘቡም ተመላሽ ይሆናል። የተበላሸው የራጅ መሣሪያም አዲሱን ዓመት እንደ ተበላሸ ይቀበለዋል። በስጦታ የመጣ መሣሪያ ሲሆን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ይብሳል። ሪባን ተቆርጦ ተጨብጭቦለት ከገባ በኋላ መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛ፤ ማን እንደሚጠግነው፤ ኤሌክትሪኩን እንደሚችለው ያልተጠየቀ መሣሪያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአቧራ መከማቻ ይሆናል። ስጦታ ሲሰጥ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ውለታ መርሳት አይደለም፤ የአስተዳደር ትምህርት አንዱ ክፍል ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ይህ ሐሳብ አዲስ የመጣ አይደለም። በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ነርሶች አስከትለው ወደ እስኩታሪ የጦር ሆስፒታል በሄዱ ጊዜ፤ ወታደሩን የሚፈጀው ከጥይት ቍስል ይልቅ ተስቦ፤ ኮሌራና ተቅማጥ ሆኖ አገኙት። ዓለም የሚያስታውሳቸው በሌሊት ፋኖስ ይዘው በበሽተኞች መካከል ሲመላለሱ ነው። ነገር ግን ቀን ቀን የሚሠሩት ሥራ አንሶላና ሸሚዝ መቍጠር፤ ወጥ ቤቱንና ልብስ ማጠቢያውን ሥርዓት ማስያዝ፤ የሟቾችን ቍጥር በትክክል መመዝገብ ነበር። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ይህን ቍጥር በሥዕል አቅርበው ባለሥልጣኖቹን አሳምነዋል። ዛሬ በነርስነታቸው የምናከብራቸው ሴት ታላቅ አስተዳዳሪም ነበሩ ማለት ነው።

በዚያው በእንግሊዝ አገር በ1983 መንግሥት የሆስፒታሎቹን አመራር እንዲመረምሩ ሮይ ግሪፊዝ የሚባሉትን ሰው አዘዘ። እርሳቸው ሐኪም አልነበሩም፤ ሴንስበሪ የተባለው ታላቅ የምግብ መደብር ሥራ መሪ ነበሩ። ባቀረቡት አጭር ሪፖርት በየሆስፒታሉ ሁሉም በጋራ ስለሚወስን ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ እንደማይቻል አስረዱ፤ በየቦታው አንድ ተጠያቂ ሥራ መሪ እንዲሾም፤ ሐኪሞችም በበጀት ጉዳይ እንዲገቡበት መከሩ። ሹመቱ ተፈጸመ፤ ነገር ግን ቦታውን የያዙት ሐኪሞች ጥቂቶች ስለ ነበሩ በሐኪምና በአስተዳዳሪ መካከል ለብዙ ጊዜ መጎሻሸም አልቀረም። በ2011 በዚያ አገር የሐኪሞች የአመራርና የአስተዳደር ሙያ ማኅበር የተቋቋመውም ሐኪሞቹ ራሳቸው ይህን ሙያ የእኛ ነው ብለው ሊይዙት በመፈለጋቸው ነው። በአሜሪካም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምናንና የንግድ አስተዳደርን ዲግሪ አጣምረው ይሰጣሉ።

በአገራችን የተጀመረው ትምህርት

እኛም በዚህ ነገር ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኰንኖች ወደ ጤና ጣቢያ የሚላኩት ለማከም ብቻ አልነበረም። ጤና ጣቢያውን እንዲመሩ፤ ከነርሷና ከጤና ጥበቃ ሠራተኛው ጋር እንደ አንድ ጓድ ሆነው እንዲሠሩ ነበር። ማከምና ማስተዳደር የአንድ ሰው ሁለት እጆች መሆናቸውን ያ ኮሌጅ ቀድሞ ተረድቶት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1998 መንግሥት የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ባወጣ ጊዜ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ቀድሞ ሆስፒታል ከበሽተኛ የሚሰበስበው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ከስትራቴጂው ወዲህ በየክልሉ በወጡት ሕጎች ግን ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት፤ በቦርድም እንዲመሩ ተፈቀደ። ገንዘቡ በእጅ ሲገባ ግን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በባዶ ኪስ ጊዜ ያልታየው የዕውቀት ጕድለት በዚያን ጊዜ ጐልቶ ታየ።

ስለዚህም በ2006 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደርን ለማሻሻል ሥራ ጀመረ። በሆስፒታል አስተዳደር የሠለጠኑ ሰዎች በ14 ሆስፒታሎች ገብተው ከአገሩ ኃላፊዎች ጎን እየዋሉ ለአንድ ዓመት አብረው ሠሩ። ከዚያም በ2008 በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታልና የጤና አገልግሎት አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ። የትምህርቱ አሰጣጥ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ተማሪዎቹ በሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ሆነው፤ ከሁለቱ ዓመት ጊዜ በመቶ 85ቱን በየሆስፒታላቸው ሥራ ላይ፤ በመቶ 15ቱን ብቻ በክፍል ውስጥ እንዲያሳልፉ ተደረገ። በክፍል የተማሩትን የመጋዘን ሂሳብ በራሳቸው መጋዘን ይሞክሩታል፤ ያልሆነላቸውን ደግሞ ይዘው ወደ ክፍል ይመለሳሉ። በ2010 ሚኒስቴሩ ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያም የካርድ አያያዝን፤ የበሽተኛን ፍሰት፤ የመሣሪያ ጥገናን፤ የገንዘብ አያያዝን አንድ በአንድ ደንግጓል። በ2016 ሌላ የተሻሻለ መመሪያ ተተክቷል።

መመሪያው አለ፤ ትምህርቱም አለ። ታዲያ ዘመዳችን ስለ ምን ጓንት አጣች? እንደሚመስለን አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢማርም፤ በየቀኑ መድኃኒት የሚያዘው፤ አልጋ የሚይዘውና የሚለቀው፤ ምርመራ የሚልከው ሐኪሙ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ትልቁ ወጪ የሚወጣው በሐኪሙ ብዕር ነው። ብዕሩን የያዘው ሰው ሂሳቡን ካላወቀ፤ ሂሳቡን የሚያውቀውም ሰው ሕክምናውን ካላወቀ፤ ሁለቱ በአንድ ግቢ እየዋሉ እንደ ሁለት አገር ሰዎች ሳይግባቡ ይቀራሉ።

ሐኪም ነጋዴ ይሁን ወይ?

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ሐኪም ንግድ ከተማረ በሽተኛውን እንደ ደንበኛ፤ ሕመሙንም እንደ ሸቀጥ ማየት ይጀምራል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሥጋታቸውን አንንቀውም። ለማያስፈልግ ምርመራ ገንዘብ የተጠየቀ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለምና። ሂሳብ ማወቅና ገንዘብ መውደድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህም አንድ የታወቀ ምስክር ከህንድ አገር እናቀርባለን።

ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ የዓይን ሐኪም ነበሩ። በወጣትነታቸው የመገጣጠሚያ በሽታ ይዟቸው ጣቶቻቸው ስለ ተጣመሙ ቢላዋ ለመያዝ እንደ ገና መለማመድ ነበረባቸው። በ1976፤ በ58 ዓመታቸው፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ሲወጡ በማዱራይ ከተማ 11 አልጋ ያለው ትንሽ የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ስሙንም አራቪንድ አሉት። ሐሳባቸው በዓይን ሞራ የታወረውን ድኻ ሁሉ ማብራት ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ሥራውን እንደ ነጋዴ መረመሩት። በአሜሪካ ማክዶናልድ የተባለው ምግብ ቤት በየቦታው አንድ ዓይነት ምግብ በርካሽና በፍጥነት ማቅረቡን እያነሡ፤ የዓይን ቀዶ ጥገናስ ስለ ምን እንዲሁ አይሆንም ብለው ጠየቁ። በአንድ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ጐን ለጐን አቆሙ። ሐኪሙ አንዱን በሽተኛ ሲጨርስ ነርሶቹ ሁለተኛውን አዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ ዘወር ብሎ ይቀጥላል። የሐኪሙ እጅ ሥራ አይፈታም።

ክፍያውን ደግሞ መክፈል የሚችለው እንዲከፍል፤ የማይችለው በነጻ እንዲታከም አደረጉ። የከፈለው ያልከፈለውን ይሸፍናል። በዓይን ውስጥ የሚተካው ሌንስ ከውጭ ሲመጣ ዋጋው ለድኻ የማይቀመስ ስለ ነበር፤ በ1992 ኦሮላብ የተባለ የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቁመው በጥቂት ዋጋ መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት የሌሎች አገሮችን የዓይን ሆስፒታሎች አመራር የሚያስተምር ተቋም ከፈቱ። እርሳቸው በ2006 ቢያርፉም ሥራው እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ እኚህ ሰው ሂሳብ ስላወቁ ድኻውን ረሱት? አልረሱትም፤ ሂሳብ ባያውቁ ኖሮ ግን ርኅራኄያቸው በ11ዱ አልጋ ላይ ተወስኖ በቀረ ነበር።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ካየነው ተነሥተን ሦስት ነገሮችን ልናሳስብ እንወዳለን።

አንደኛ፤ ትምህርቱ ለተሾመ ሰው ብቻ የሚሰጥ መሆን የለበትም። የሕክምና ተማሪ በተግባር ልምምድ ዓመቱ በቀዶ ጥገና፤ በሕፃናትና በማኅፀን ክፍል እንደሚዞር ሁሉ፤ ሁለት ሳምንት በመጋዘን፤ በካርድ ክፍልና በሂሳብ ክፍል ቢዞር ምን ይጐዳል? አንድ ጊዜ ቢን ካርድ በእጁ የጻፈ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ሲያዝ ያስበዋል።

ሁለተኛ፤ ሐኪሙ ብቻውን አይማር። ነርሷ፤ የመድኃኒት ባለሙያው፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛውና የሂሳብ ሹሙ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የአንድ ሆስፒታል እውነተኛ ችግር ቢሰጣቸው፤ ከብዙ ንግግር ይልቅ እርስ በርስ መተዋወቁ ይጠቅማቸዋል። ደግሞም በሆስፒታል ውስጥ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚያልቅ ከማንም በፊት የምታውቀው ብዙውን ጊዜ ነርሷ ናት። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፤ ሐኪሙም እርሷን ለመጠየቅ ማፈር የለበትም።

ሦስተኛ፤ አስተዳደር የተማረ ሐኪም ከበሽተኛ አይራቅ። ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮ ከገባ በኋላ መኝታ ክፍሎቹን ዞሮ የማያይ ሰው፤ የተማረው ትምህርት ለማዕረግ እንጂ ለሥራ አልሆነም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን በሽተኛ ቢያይ፤ የወሰነው ውሳኔ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ይመለከታል።

ያንን ወጣት ሐኪም ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም። በደረሰው ነገር እርሱን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። እርሱ የተማረውን በሚገባ ሠርቷል፤ በማግሥቱ ጓንቱን አጥልቆ ዘመዳችንን ያዳናት እርሱ ነውና። ያልተማረውን ግን ከየትም አምጥቶ ሊሠራው አይችልም ነበር። ዕዳው የአስተማሪዎቹና የላኪዎቹ፤ ምናልባትም የሁላችን ነው። ነገ ወደ ሌላ ሩቅ ሆስፒታል የሚላከው ወጣት በአንድ እጁ ማዳመጫውን፤ በሌላው እጁ የመጋዘኑን መዝገብ መያዝ የሚችል ሆኖ እንዲሄድ ብናደርግ፤ ጓንት ፍለጋ ከተማ የሚዞረው አስታማሚ ያን ጊዜ በበሽተኛው ራስጌ ተቀምጦ ለማስታመም ጊዜ ያገኛል።